ሰርቨሩ በር የዘጋብን ጳጉሜ

ጥሩሰው እባላለሁ። የስማዳ ልጅ ነኝ፤ የምኖረውና የምሠራው ግን ንፋስ መውጫ ነው። አሁን የምተርክላችሁ ነገር የደረሰብኝ ከጳጉሜ ሦስት እስከ መስከረም ሁለት ባሉት ስድስት ቀናት ውስጥ ነው። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም፤ እንዲያውም ነገሩን ባስታወስኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ያን ጊዜ ግን ከመሳቅ ይልቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ተመርቄ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ ቤት ፎቅ ላይ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ተቀጥሬአለሁ። ያለነው አራት ሰዎች ነን። ኃላፊያችን አስረስ ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲናደድ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ዋናው ሥራችን ለጤና ጣቢያዎች የሠራነው ፕሮግራም ነበር። ነርሶች የእናቶችን የእርግዝና ክትትልና የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ ይመዘግቡበታል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለእናቲቱ ስልክ ደውሎ በተቀዳ ድምፅ «ነገ ቀጠሮ አለዎት» ይላታል። ማንበብ የማትችለዋም ትሰማዋለች። ስማዳና እስቴ ውስጥ ብዙ እናቶች ይህን ድምፅ «ቀጣሪዋ» ይሏታል።

የእኔ ድርሻ ሰርቨሩን መጠበቅ ነው። ሰርቨሩ ኮዳችንን ሁሉ የምናስቀምጥበት፣ የተስተካከለውን ኮድ አዘጋጅቶ ስልክ ወደሚደውለው ማሽን የሚልክልን ኮምፒውተር ነው። ማን የትኛውን ፋይል ማየት፣ ማን መለወጥ እንደሚችል የምወስነው እኔ ነኝ።

ከእኔ በፊት ይህን ሥራ የያዙት ጋሽ ይርጋ ነበሩ። ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ በወጣትነታቸው ሬዲዮና ጄኔሬተር ይጠግኑ የነበሩ፣ ኮምፒውተርን ከመጽሐፍና ከራሳቸው ሙከራ የተማሩ ሰው ናቸው። የሠሩትን ሁሉ በወፍራም ደብተር ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ። በተቀጠርኩ በአራተኛው ወር፣ ስብሰባ ላይ፣ «በዚህ ዘመን ሰርቨር በደብተር አይያዝም» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ብዙም ሳይቆይ ሥራቸውን ለቀው ወደ መካነ ኢየሱስ ሄዱ። ሲያስረክቡኝ ደብተሩን ሊሰጡኝ ዘረጉልኝ፤ «አያስፈልገኝም» አልኳቸው። ያንን እጃቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ማየቴ ለዓመት ያህል አልለቀቀኝም። ግን አልደወልኩላቸውም።

በነሐሴ መጨረሻ ከስማዳ ሲስተር የሺ ደወለች። የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ ፕሮግራማችንን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«ጥሩዬ፣ ይህ ነገራችሁ ጳጉሜ ስድስትን አይቀበለኝም» አለችኝ። «ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ነው እኮ።»

እውነቷን ነበር። ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን እንደምትሆን ፕሮግራሙ አያውቅም። ከጳጉሜ አምስት ማግስት መስከረም አንድ ነው ብሎ ይቆጥራል ማለት ነው። ስለዚህ ጳጉሜ ስድስት ጠዋት፣ መስከረም ሁለት ለተቀጠሩት እናቶች ሁሉ «ነገ ቀጠሮ አለዎት» ብሎ ይደውላል። እነሱም በማግስቱ፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ ሕፃን አዝለው ዝግ በር ላይ ይደርሳሉ። አስረስ ስህተቱን ለማረም ቁጭ አለ። እስከ ጳጉሜ አራት እጨርሳለሁ አለ።

እኔም በዚያው ሰሞን የሰርቨሩ መሣሪያዎች፣ ማለትም ኮዱን ተቀብለው የሚያዘጋጁትና የሚልኩት ፕሮግራሞች፣ አዲስ ስሪት እንደወጣላቸው አይቼ ጓጉቻለሁ። ለአስረስ ስነግረው «ከበዓል በኋላ ታደርጊዋለሽ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣና ቢሮው ያለው ሰው ሁሉ ሊጠመቅበት እየሳቀ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ቀረሁ። እነሱ እስኪመለሱ አዲሱን ስሪት ጭኜ ላስደንቃቸው ብዬ ጀመርኩ። መጫኑ ያለ ችግር ሄደ። መሃል ላይ «በየትኛው ተጠቃሚ ስም ልሥራ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዲስ ስም ፍጠር አልኩት። ከድሮዎቹ የተጠቃሚ ስሞች መካከል ደግሞ «ዳማ» የሚል አገኘሁ። ዳማ የሚባል ሰው ቢሮአችን ኖሮ አያውቅም። ቆሻሻ ነው ብዬ ሰረዝኩት። እንዲያውም ቤት የጠረግሁ ያህል ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የተናገረው አስረስ ነው።

«ጥሩሰው፣ ኮዱን ልልክ ስል ፈቃድ የለህም ይለኛል።»

«እኔንም» አለች አጠገቡ ያለችው። «እኔንም» አለ ሦስተኛው።

«ትንሽ ጠብቁ፣ ይስተካከላል» አልኩ።

ገብቼ አየሁት። የፋይሎቻችን ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ የሰው ስም መሆን ሲገባው ቁጥር ብቻ ተጽፏል፤ አንድ ሺህ ሰባት። ሁሉም የአንድ ሺህ ሰባት ንብረት ነው። አንድ ሺህ ሰባት የሚባል ግን የለም። ባለቤቱ የጠፋ ቤት ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ አዲሱ መሣሪያም በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ በር ላይ ቆሟል።

ያን ጊዜ ተነስቼ «ትናንት ነካክቼው ነው፣ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም» ብል ኖሮ ይህ ገጠመኝ አጭር ይሆን ነበር። አላልኩም። በምትኩ በሙያችን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ሁሉም ሰው አታድርግ የሚባለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ሁሉንም ፋይል ለሁሉም ሰው ከፈትኩት። ማንም ያንብብ፣ ማንም ይጻፍ።

«ገባልኝ!» አለ አስረስ።

«ጎበዝ» አሉኝ። እኔም ጎበዝ መሰልኩ።

ደስታችን ሻይ ሳይጠጣ አለቀ። አስረስ ያረመውን ኮድ ላከ፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ አዘጋጀው፤ ወደሚደውለው ማሽን ሊልክ ሲል ግን ማሽኑ አልቀበልም አለ። ሁለቱ ማሽኖች የሚተዋወቁት በሰርቨሩ ውስጥ በተቀመጠ አንድ የምስጢር ቁልፍ ፋይል ነው። እኔ እሱንም ከፍቼዋለሁ። ማንም ሊያየው በሚችል ቁልፍ ደግሞ ሥራ አይሠራም፤ መሣሪያው ራሱ አልጠቀምበትም ብሎ ይተወዋል። መደወሉን ለጊዜው እናቁም ብንል እንኳ ማቆም የምንችለው በዚያው ቁልፍ በኩል ነበር።

ይህን ለመረዳት ስታገል አስረስ አጠገብ ያለችው ባልደረባዬ ቀስ ብላ፣ «ይህ የእናቶች ስምና ስልክ ለእኔ መታየት አለበት እንዴ?» አለች።

አስረስ ቀና ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ነክተሽ ነው?»

«ኔትወርክ ነው መሰለኝ» አልኩ።

የእናቶች ስልክ በኔትወርክ ምክንያት አይከፈትም። እሱም ያውቃል፤ እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ተመለከተኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ባክአፑን፣ መጠባበቂያ ቅጂውን፣ ከፈትኩ። የፋይሎቹ ይዘት አለ፤ ባለቤታቸው ማን እንደነበረ፣ ለማን እንደተፈቀደ ግን አልተመዘገበም። ባክአፑን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። እስከ ምሳ ሰዓት በይነመረብ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሞከርኩ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል።

ከምሳ በፊት ሲስተር የሺ ደወለች።

«ጥሩዬ፣ ለበዓል ቤተሰብ ጋ ልሄድ ነው። ያ የጳጉሜ ነገር ተስተካከለ?»

«እየሠራንበት ነው» አልኳት።

«እንዲያው አደራ። መስከረም ሁለት የቀጠርኳት አንዲት እናት አለች፤ መንታ ነው የወለደችው። ከቆላ ነው የምትመጣው፤ አንዱን እሷ አዝላ፣ አንዱን እናቷ አዝለውላት። ዕለቱን ባትሳሳት ደስ ይለኛል። ቀጣሪዋ ከደወለች አንድ ቀን አትቀርም፤ በበዓሉ ዕለት ብትመጣ ደግሞ እኔ የለሁም።»

ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። የሁለት ሴቶች መንገድ ታየኝ። ልጅ ሆኜ እኔም በዚያ መንገድ ታዝዬ ሄጃለሁ። ተመልሼ አስረስ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ።

«ኔትወርክ አይደለም» አልኩ። «ትናንት አፕግሬድ አድርጌው ነው። ከበዓል በኋላ ብለኸኝ ነበር። አንድ ተጠቃሚም ሰርዣለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁሉንም ለሁሉም ከፈትኩት። እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም።»

አስረስ ኮምፒውተሩን ገፋ አድርጎ አየኝ።

«ጥሩ» አለ። «አሁን ምን እንደሆነ አወቅን። የድሮውን የሚያውቀው ማነው?»

ሁለታችንም እናውቅ ነበር። «እኔ ልደውል?» አለኝ። «አይ፣ እኔ ነኝ የምደውል» አልኩ።

ጋሽ ይርጋ በሦስተኛው ጥሪ አነሱ።

«ጋሽ ይርጋ፣ ጥሩሰው ነኝ፤ ከንፋስ መውጫ።»

«ጥሩዬ! ደህና ነሽ ልጄ? እንዴት ከረማችሁ? ሰዉ ሁሉ ደህና ነው?»

ሰላምታቸውን እስኪጨርሱ መታገሥ አቃተኝና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«ሁሉን ከፈትሽው?» አሉ።

«አዎ።»

ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ» አሉ። «ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። አሁን ስሚኝ። በመጀመሪያ የእናቶቹን ዝርዝር ዝጊ። ካንቺና ከአስረስ በቀር ማንም አይየው። ሌላው ይቆያል፤ እሱ አይቆይም። ቀጥሎ ምንም አትንኪ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው።»

«ገጾቹን ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝስ?»

«የእኔን ጽሕፈት አንቺ አታነቢውም። ነገ እመጣለሁ።»

«ጋሽ ይርጋ፣ በዓል ደርሷል እኮ፤ መንገዱም…»

«ነገ እመጣለሁ አልኩሽ» ብለው ዘጉት። እኔም የእናቶቹን ዝርዝር ወዲያው ዘጋሁት።

ጳጉሜ አምስት ጠዋት ዝናብ ነበር። ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ንፋስ መውጫ፣ ለበዓል በሚሄድ ሰውና በግ በተጨናነቀ መኪና። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መናኸሪያ ወርጄ ጠበቅኋቸው። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ጋቢያቸው ረጥቧል፤ በብብታቸው ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። እሱ አልረጠበም።

ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ሌሊቱን ሳዘጋጅ አድሬ ነበር። «ጋሽ ይርጋ፣ ያን ጊዜ በስብሰባው ላይ…» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«የቱ ስብሰባ?»

«በደብተር አይያዝም ያልኩዎት። በእኔ ምክንያት ሥራ የለቀቁት።»

መንገድ ላይ ቆመው አዩኝ። «ልጄ መካነ ኢየሱስ ወልዳ ነው የሄድኩት። የልጅ ልጄን ላሳድግ። ባንቺ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም፤ ሁለት ቀን። ከዚያ ረሳሁት። አንቺ ዓመት ሙሉ ይዘሽው ነው የከረምሽ?»

አለቀስኩም፣ ሳቅሁም። ባጃጅ ይዘን ወደ ቢሮ ወጣን።

ከጎኔ ተቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ገለጡ። እሳቸው ያነብባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ይህ አቃፊ የምን ነው? የአስረስ ኮድ። ማን ያነበዋል? ሦስቱ። ማን ይለውጠዋል? አስረስ ብቻ። እንዲህ እያልን አንድ በአንድ ሄድን። ከእያንዳንዱ ጎን ለምን እንደሆነም ጽፈዋል። በአንዱ ገጽ ላይ «ይህን ለሁሉም አትክፈት፤ እኔ ከፍቼ አፍሬአለሁ» የሚል አነበቡና ጉሮሮአቸውን ጠርገው ገጹን ቶሎ ገለበጡት።

«አንድ ሺህ ሰባትስ ማነው?» አልኳቸው።

ጣታቸውን እየሳቡ ፈለጉ። «አንድ ሺህ ሰባት… ዳማ።»

«ዳማ ማነው? እኔ እኮ ሰረዝኩት።»

«ዳማን ሰረዝሽው?» ጋሽ ይርጋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዳማ ፈረሴ ነበር። የአባቴ ፈረስ። ከዚህ እዚያ ዕቃ የሚያደርስ ፈረስ ነበር። ይህም ተጠቃሚ ኮዱን ተሸክሞ ከዚህ እዚያ የሚያደርስ ስለሆነ በእሱ ስም ጠራሁት። ሰው እንዳይገባበት የተሠራ ነው፤ መሣሪያው ብቻ ነው የሚጠቀምበት።»

አስረስ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልቻለም። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ የሰው ፈረስ የገደልኩ ያህል ተሰማኝ፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ።

«ግድ የለም» አሉ፤ «በዚያው ቁጥሩ መልሰሽ ፍጠሪው። ፋይሎቹ የሚያውቁት ቁጥሩን ነው፤ ስሙን አይደለም። ቁጥሩ ሲመለስ ባለቤታቸው የተመለሰ ይመስላቸዋል።»

ዳማን በአንድ ሺህ ሰባት ፈጠርኩት። ዝርዝሩን እንደገና ሳወጣ ቁጥሩ ጠፍቶ በሁሉም መስመር ላይ «ዳማ፣ ዳማ፣ ዳማ» የሚል ተደረደረ። አዲሱን መሣሪያም በዳማ ስም እንዲሠራ አደረግሁት። የምስጢር ቁልፉን ከዳማ በቀር ማንም እንዳያነበው ዘጋሁት። ሰዓቱ አሥር ሆኖ ነበር።

«አስረስ፣ ላክ» አልኩ።

ላከ። ሰርቨሩ ተቀበለ። አዘጋጀ። ወደ ማሽኑ መላክ ጀመረ። ያቺ ትንሽ ምልክት ስትሽከረከር አራታችንም፣ ጋሽ ይርጋም አምስተኛ ሆነው፣ ትንፋሻችንን ይዘን አየናት። ከዚያ አረንጓዴ ሆነች።

ሲስተር የሺ ጋ ደወልኩ። በስልኳ ፕሮግራሙን ከፍታ ቀኑን አስገባች።

«ጳጉሜ… ስድስት» አለች። ጥቂት ጠበቀች። «ተቀበለኝ። ጥሩዬ፣ ተቀበለኝ።» ከኋላዋ በግ ሲጮህ ይሰማል።

ጋሽ ይርጋ ለበዓሉ ወደ ልጃቸው እንዲመለሱ ብንለምናቸው እምቢ ብለው አስረስ ቤት አደሩና ጳጉሜ ስድስት ጠዋት እንደገና መጡ። «ፈረሴ ሲሠራ ሳላይ አልሄድም» አሉ። ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ሁላችንም ስክሪኑ ፊት ተደረደርን። እንዲህ ያለ ጥበቃ በሕይወቴ ጠብቄ አላውቅም፤ የምንጠብቀው ምንም ነገር እንዳይሆን ነውና። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ከአንድ ደቂቃ። ሦስት ከአምስት። ፕሮግራሙ ለማንም አልደወለም። የነገ ቀጠሮ የለም አለና ዝም አለ። እኛ ግን ዝም አላልንም፤ ተቃቀፍን። ከሥር ያሉት ባለሱቆች ምን አገኛችሁ ብለው ወጡ። «ማንም አልተጠራም» አልናቸው። ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

መስከረም አንድ ጠዋት፣ ቤተሰቦቼ ጋ ሆኜ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬን ከፍቼ አየሁ። ቀጣሪዋ እናቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ «ነገ» እያለች ጠርታለች። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሲስተር የሺ ደወለችና፣ «ቆይ፣ የምታናግርሽ አለች» ብላ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠች። በአንድ ወገን ሕፃን ያለቅሳል፣ በሌላ ወገንም ሕፃን ያለቅሳል፤ በመሃል አንዲት ሴት፣ «እናንተ ናችሁ እምትደውሉ? እንዴት ያለ ጥሩ ድምፅ ነው ያላችሁ» አለችኝ። ድምፁ የእኔ አይደለም። ግን እርማት አልሰጠኋትም። «እንኳን አደረሰሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» አልኳት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሥራችሁ ኮምፒውተር ላይሆን ይችላል። እህል ትሸጡ ይሆናል፣ ታስተምሩ ይሆናል፣ በሽተኛ ታክሙ ይሆናል። ግን ሁላችሁም አንድ ቀን የማይነካ ነገር ነክታችሁ፣ ማንም ሳያይ ላስተካክለው ብላችሁ ትሯሯጣላችሁ። እኔ ያን ጊዜ ያጠፋሁት ዳማን መሰረዜ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ስልክ ጥሪ ይመለስ ነበር። የጎዳኝ ከጠዋት እስከ ምሳ የያዝኩት ውሸት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ለሁለት ቀን ቅር ያላቸውን ሰው ዓመት ሙሉ እንደ ጠሉኝ አድርጌ መኖሬ ነው። አንድ ጊዜ ብደውል ኖሮ የልጅ ልጃቸውን ስም አውቅ ነበር።

አሁን አውቀዋለሁ። ናትናኤል ይባላል። ጋሽ ይርጋ በወር አንዴ ወደ ንፋስ መውጫ ሲመጡ ይዘውት ይመጣሉ፤ ጭኔ ላይ ተቀምጦ የኮምፒውተሬን ቁልፎች ሁሉ በመዳፉ ይመታል። አያቱ «ተወው፣ ይልመድ» ይላሉ። እኔም ፋይሎቼን ዘግቼ እተወዋለሁ።